የጋላክሲውን ድንበር በቀን ለኩልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጥበብ ገጻችሁ የምታወጡትን የጠፈር ልቦለድ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ጋዜጣው እጄ ሲገባ ቀድሜ የምገልጠው ያንን ገጽ ነው። ታዲያ ባለፈው እትም ከታሪኩ ጋር አብራችሁ ያወጣችሁትን ካርታ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጋላክሲው ከላይ እንደታየ ሆኖ ተስሏል፣ ሦስት ቀለም ተቀብቷል፤ ቀዩ ያንደኛው መንግሥት ግዛት ነው፣ ሰማያዊው የሌላው፣ አረንጓዴው ደግሞ የሦስተኛው። በመሀላቸው ወፍራም ጥቁር መስመር አለ። ቀለም ያልነካው አንድም ቦታ አይታይም።

ሥዕሉ ያምራል፣ የሠዓሊው እጅም የሚመሰገን ነው። ችግሩ ታሪኩ የገነባውን ካርታው ማፍረሱ ነው። በታሪኩ ውስጥ ከዋና ከተማ ጠረፍ ድረስ መልእክት ለማድረስ ወራት ይፈጃል። የጠረፍ ገዢዎች ትእዛዝ ሳይጠብቁ በራሳቸው ይወስናሉ። እዚያ ዳር ላይ ያመፀ ሰው ስሙ ቤተ መንግሥት የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ካርታውን ስታዩት ግን ሦስቱም መንግሥታት እያንዳንዷን ኮከብ ጨብጠው የያዙ ይመስላል። አንባቢ የቱን ይመን?

"ልቦለድ አይደል እንዴ፣ ምን ያስጨንቅሃል?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ልቦለድ መሆኑ ነው። የእውነተኛ አገር ካርታ ቢሳሳት ሄዶ ማየት ይቻላል። የፈጠራ ጋላክሲ ግን ከወረቀቱ ውጭ የለም። ካርታው ከተሳሳተ አንባቢ ምን ይዞ ያርመዋል?

እስኪ ስፋቱን እናስበው። የእኛ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። በውስጡ ከ100 እስከ 400 ቢሊዮን ከዋክብት እንዳሉ ይገመታል። ትንሹን ቁጥር እንውሰድ። አንድ ጸሐፊ በየሰከንዱ አንድ ኮከብ መዝገብ ላይ ቢያሰፍር፣ ሳይተኛ ሳያርፍ፣ ሥራውን ለመጨረስ ከ3,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የሰው ልጅ እስካሁን የሠራው ትልቁ የኮከብ መዝገብ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር የሰበሰበችው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ተወነጨፈች፣ በ2022 የወጣው መዝገቧም 1.8 ቢሊዮን ገደማ ኮከቦችን ይዟል። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት ከጠቅላላው ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ከጋላክሲው መሀል ማዶ ያለውን አብዛኛውን ደግሞ አቧራ ጋርዶታል፣ ዓይን በሚያየው ብርሃን አይታይም።

እንግዲህ አንድ መንግሥት የጋላክሲውን ሲሶ ያዝኩ ካለ ቢያንስ 30 ቢሊዮን ኮከብ ያዝኩ እያለ ነው። ማን ቆጠራቸው? ማን ረገጣቸው? በተለይ አረንጓዴው መንግሥት ላይ ነገሩ ዓይን ያወጣ ነው። ታሪኩ ራሱ ከዳር እስከ ዳር 300 የብርሃን ዓመት ነው ብሎናል። ገጻችሁ ላይ ጋላክሲው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢሰጠው ይህ መንግሥት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ የእርሳስ ጫፍ ያረፈበትን ነጥብ ያህል ነው። እናንተ ግን የገጹን ሲሶ ሰጣችሁት። ስለዚህ እባካችሁ ነጭ ቦታ ተዉ። ያልተደረሰበት፣ ያልታየ፣ ማንም ስም ያላወጣለት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀመጥ። ነጩ ከቀለሙ ሁሉ ቢሰፋ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ጀግናዋ ሸሽታ የገባችበት ባዶ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚገባን ያኔ ነው።

ስለ ጠፍጣፋነቱም ልናገር። ጋላክሲን ወረቀት ላይ መዘርጋት ነውር የለውም። አብዛኞቹ ከዋክብት የሚገኙበት ስስ ዝርግ ውፍረቱ ወደ 1,000 የብርሃን ዓመት ነው፣ ከስፋቱ አንድ መቶኛ ማለት ነው። ሙሉውን ጋላክሲ በአንድ ገጽ ስትስሉ ከፍታና ዝቅታውን ብትተዉት ማንም አይጎዳም። እንደ አረንጓዴው ያለ ትንሽ መንግሥት ላይ ስትመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። 300 የብርሃን ዓመት ከዝርጉ ውፍረት ያንሳል። ስለዚህ ጎረቤቱ በግራና በቀኝ ብቻ ሳይሆን በላይም በታችም አለ። ካርታው ላይ ተነካክተው የሚታዩ ሁለት ኮከቦች አንዷ ከሌላዋ 400 የብርሃን ዓመት ከፍ ብላ ልትገኝ ትችላለች። የጦር አዛዥ ይህን ካርታ አምኖ ቢዘምት የሚደርሰው ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ቀለም ካነሳን ዘንድ፣ ይህን ሁሉም ደራሲ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የፈለገውን ያህል አገር ቢኖር፣ የሚዋሰኑት ቀለማቸው እንዳይመሳሰል አራት ቀለም ይበቃል። የሒሳብ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሉት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1976 ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን በኮምፒውተር ታግዘው አረጋገጡት። ከፍታ ሲጨመር ግን ሕጉ አይሠራም። ጠፈር ውስጥ አሥርም ሃያም መንግሥት ግዛቱ ሳይቆራረጥ እያንዳንዱ ከሁሉም ጋር ሊዋሰን ይችላል፣ ለቀለሙ ብዛት ጣሪያ የለውም። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ አምስት አገሮች እንኳ እንዲህ ሊሆኑ አይችሉም። እስኪ አስቡት፣ አምስት ባላንጣዎች፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ድንበር የሚጋሩ፣ ማንም በማንም ጀርባ መደበቅ የማይችልበት ዓለም። ከማን ጋር ይታረቃሉ? ማንን ይከዳሉ? ጠፍጣፋው ሥዕል ይህን ሁሉ ይነጥቀናል።

ዋናው ጉዳዬ ግን ጊዜ ነው። ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው። አንድ ኮከብ የማን ነው ሲባል እኔ የምጠይቀው ማን ቀድሞ ይደርስበታል ብዬ ነው።

አንድ ምሳሌ በደንብ ልዘርዝር። የቀዩና የሰማያዊው ዋና ከተሞች 60 የብርሃን ዓመት ይራራቃሉ እንበል። መርከብ በቀን አንድ የብርሃን ዓመት ትሄዳለች፣ ወሬም የሚሄደው በመርከብ ብቻ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ ከቀዩ 40 ቀን ከሰማያዊው 20 ቀን የምትርቅ አንዲት ኮከብ አለች። ካርታው ቀይ ቀብቷታል። ኮከቧ አመፀች። ወሬው ቀዩ ከተማ የሚገባው በ40ኛው ቀን ነው። ጦሩ በዚያው ዕለት ቢነሳ እንኳ ሌላ 40 ቀን ይፈጅበታል፣ በጠቅላላው 80 ቀን። ሰማያዊው ወሬውን በ20ኛው ቀን ሰማ፣ ጦሩን አስነሳ፣ በ40ኛው ቀን ደረሰ። ልብ በሉ፣ የቀዩ ንጉሥ ስለ አመፁ ገና ሲሰማ የሰማያዊው ጦር ኮከቧ ላይ ሰፍሯል። ቀዩ ቀለም እዚያ ምን ይሠራል?

ሁለቱ እኩል ፈጣን ከሆኑ ድንበሩ ልክ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አሁን የሰማያዊው መርከቦች በእጥፍ ይፍጠኑ። ብዙ ሰው ድንበሩ ወደ ቀዩ ትንሽ ጠጋ ይላል ብሎ ነው የሚያስበው። የሚሆነው ከዚያ በጣም የከፋ ነው። ሁለቱም እኩል ቀን የሚደርሱባቸውን ቦታዎች ብታያይዟቸው ድንበሩ ይታጠፍና ቀዩን ከሁሉም አቅጣጫ የሚዘጋ ሉል ይሆናል። በሰማያዊው በኩል ከቀዩ ከተማ 20 የብርሃን ዓመት ላይ ነው፣ በጀርባ በኩል ደግሞ 60 ላይ ይዘጋል። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሞክሩት፦ ከቀዩ ጀርባ 60 የብርሃን ዓመት ላይ ያለች ኮከብ ከሰማያዊው 120 ትርቃለች፣ ቀዩ በ60 ቀን ይደርሳል፣ ሰማያዊውም በእጥፍ ፍጥነቱ በ60 ቀን ይደርሳል። ከዚያ አልፎ ያለችው ሁሉ፣ በቀዩ ጓሮ በኩል ያለችው ጭምር፣ ሰማያዊው ቀድሞ የሚደርስባት ናት። የጥንቶቹ ግሪኮች የሚያውቁት ጂኦሜትሪ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ሞተር ስለተሻሻለ ብቻ፣ አንድ ታላቅ መንግሥት ተከበበ። በታሪኩ ውስጥ ሰማያዊዎቹ አዲሱን ሞተር ሲሠሩ ቀዮቹ ለምን እንደዚያ እንደደነገጡ ብዙ አንባቢ አልገባውም ይሆናል። ካርታው ቢያሳየው ኖሮ በአንድ እይታ ይገባው ነበር።

እስካሁን ቀጥታ መሄድ እንደሚቻል አድርጌ ነው ያሰላሁት። በታሪኩ ግን መርከቦች በፈለጉት አቅጣጫ አይሄዱም፣ በር ካለው ኮከብ በር ወዳለው ኮከብ ነው የሚያልፉት። እንዲህ ከሆነ በሰማይ የሚታየው ርቀት ብዙም አይጠቅምም፣ የሚቆጠረው በሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ኢቭ ኦንላይን የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። እዚያ ብዙ ሺህ ኮከቦች በበር ተያይዘዋል፣ ተጫዋቾች ኅብረት ፈጥረው ግዛት ይነጣጠቃሉ፣ የትኛው ኅብረት የትኛውን ሰፈር እንደያዘ የሚያሳይ ካርታም ተጫዋቾቹ ራሳቸው በየቀኑ እያደሱ ሲሠሩ ኖረዋል። ከእነዚያ ካርታዎች ብዙ መማር ይቻላል። በሰማይ ተጎራብተው በበር ግን በጣም የሚራራቁ ኮከቦች አሉ። አራት መንገድ የሚገናኝባት አንዲት ድሃ ኮከብ መንገድ ከማያልፍባቸው መቶ ሀብታም ኮከቦች ትበልጣለች። የእናንተ ካርታ ላይ ግን አንድም መንገድ አልተሰመረም፤ ታዲያ በሦስተኛው ክፍል ያ ሁሉ ሰው ያለቀላት መተላለፊያ ኮከብ ለምን እንደተፈለገች አንባቢ ከየት ይወቅ?

ከጋላክሲው መሀል ተጠምዝዘው የሚወጡትን የክንዶቹንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሠዓሊው ለሰማያዊው አንድ ጠምዛዛ ክንድ ሙሉውን ሰጥቶታል። ክንድ ግን ተይዞ የሚቀመጥ መሬት አይደለም። ከዋክብትና ጋዝ የሚጠጋጉበት ሞገድ ነው፤ መንገድ ላይ የመኪና መጨናነቅ ሲኖር መኪኖቹ እየገቡ እየወጡ መጨናነቁ እንደሚቀጥለው ማለት ነው። ኮከቦቹም እርስ በርስ ይንቀሳቀሳሉ። በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ ኮከብ በ10,000 ዓመት አንድ የብርሃን ዓመት ትሄዳለች። በሰው ዕድሜ ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን ታሪኩ የሚጠቅሰው የድንበር ውል ከ20,000 ዓመት በፊት የተፈረመ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኮከብ ሁለት የብርሃን ዓመት ትሄዳለች። ውሉ የተጻፈው በኮከብ ስም ከሆነ ድንበሩ ከኮከቧ ጋር ተጉዟል። በባዶ ቦታ መለኪያ ከሆነ ደግሞ ኮከቧ ከነነዋሪዎቿ ድንበር ተሻግራ ሌላ መንግሥት ውስጥ ገብታለች። ደራሲው የቱን እንዳሰበ እስካሁን አልነገረንም። ለዚህ ሲባል ብቻ ጦርነት ሊነሳ ይችላል፣ እኔ ብሆን አንድ ክፍል ሙሉ እሰጠው ነበር።

ሊለካ የማይችል መስመር ማስመር ምን እንደሚያመጣ ምድር ላይም ታይቷል። ስፔንና ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ1494 ቶርዴሲያስ ላይ ተስማምተው ውቅያኖሱን ተካፈሉ፣ መስመሩም ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በስተ ምዕራብ 370 ሊግ (የዚያ ዘመን የርቀት መለኪያ) ላይ ያልፋል ተባለ። በዚያ ዘመን ባሕር ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደተሄደ በትክክል የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ለዚህ የሚሆን አስተማማኝ የባሕር ሰዓት የተሠራው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ የዓለም ማዶ ላይ ያሉት የሞሉካ ደሴቶች የማን ናቸው ሲባል ሁለቱም የኔ ናቸው አሉ፣ ሁለቱም የሚደግፋቸው ካርታ ነበራቸው። በ1529 ዛራጎዛ ላይ ሌላ ውል ተፈረመ፣ ፖርቱጋልም 350,000 ዱካት የተባለ የወርቅ ገንዘብ ከፍላ ክርክሩን ዘጋችው። ያንን ያህል ገንዘብ የተከፈለው የት እንደሆነ በትክክል ለማይታወቅ መስመር ነው። ጠፈር ላይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

የሚብስበት ምክንያት ካርታው ሲሠራ አንድ ዕድሜ ስለማይኖረው ነው። በቴሌስኮፕ 500 የብርሃን ዓመት የራቀች ኮከብ ስታዩ የምታዩት ከ500 ዓመት በፊት የነበረውን ነው። መርከብ ከብርሃን ብትቀድምም ወሬው ከየአቅጣጫው በተለያየ ቀን ነው የሚደርሰው፤ የቅርቡ ትኩስ ነው፣ የሩቁ የከረመ። የቀዩ ከተማ ካርታ ሠሪ በአንድ ወረቀት ላይ የትናንቱን፣ የአምናውንና ከዚያም በፊት የሆነውን አብሮ ያስቀምጣል። የሰማያዊው ከተማ ካርታ ሠሪም እንደዚያው፣ ግን ለእሱ ትኩሱ ቦታ ሌላ ነው። ሁለቱም ሐቀኛ ቢሆኑ እንኳ ካርታቸው አይመሳሰልም። እናንተ ያወጣችሁት ካርታ ቀን የለውም፣ ከየት ሆኖ እንደተሠራም አይልም። ሦስቱንም መንግሥታት በአንድ ቅጽበት ከላይ ያየ ሰው የሠራው ነው የሚመስለው፣ በታሪኩ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም።

የእኔ ነው ማለትና መያዝም ይለያያሉ። በእኛ ዓለም እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ማንኛውም አገር ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል የኔ ነው እንዳይል ይከለክላል። በታሪኩ ውስጥ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፣ ማንም ተነስቶ የፈለገውን የኔ ነው ይላል። ጦር፣ ግብር ሰብሳቢና ዳኛ ማኖር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዋና ከተማውና በቀናት የሚደረስባቸው ኮከቦች ደማቅ ይሁኑ፣ ግብር ብቻ የሚልኩት ፈዘዝ ይበሉ፣ ስሙን ብቻ የሚጠሩት ደግሞ በነጠብጣብ ይከበቡ። ወፍራሙ ጥቁር መስመር ይቅር። ሁለት ጠባቂዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት በር ካለ እዚያ ላይ ብቻ መስመር ይሰመር፣ ምክንያቱም እዚያ እውነተኛ ድንበር አለ።

ይህን ሁሉ የምለው ታሪኩን ስለምወደው ነው። ደራሲው ርቀትን ከልቡ አስቦበታል። ያቺ የጠረፍ ገዢ ደብዳቤ ጽፋ መልሱ ሲመጣ ጠያቂዋም መላሹም ሥልጣን ላይ እንዳልነበሩ የሚተርከው ክፍል እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። ካርታው ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚመጥን መሆን አለበት።

በሚቀጥሉት እትሞች ቀዩና ሰማያዊው በመተላለፊያዋ ኮከብ የተነሳ ሊዋጉ እንደሆነ ፍንጭ ሰጥታችሁናል። ያ ክፍል ሲወጣ እባካችሁ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን አውጡልን፣ አንዱ ከቀዩ ከተማ ሆኖ የተሠራ፣ ሌላው ከሰማያዊው። እያንዳንዱ ላይ ቀኑ ይጻፍበት፣ በሮቹና መንገዶቹ ይሰመሩ፣ ከከተማው 10 ቀን፣ 20 ቀን፣ 40 ቀን የሚያስኬዱት ቦታዎች በክብ ይከበቡ። ቦታ ከጠበባችሁ ሦስተኛውን መንግሥት ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የኮከቦቹን ስም ግን በደንብ በሚነበብ ፊደል አትሙልን፣ ባለፈው በጣም ደቅቆ ሊነበብ አልቻለም።

አክባሪ አንባቢያችሁ